በሬዬን የገደለው ጀልባ

በሬዬን ጀልባ ገደለብኝ። ነገሩ ይኸው ነው። ውኃ ላይ አይደለም፤ ደረቅ መሬት ላይ፣ ላይ ጋይንት፣ የገዛ ማሳዬ ውስጥ። ገድለውብኝም ሲያበቁ "ጥፋቱ የበሬው ነው" አሉኝ።

ይህን የምነግረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይስቃል። ይሳቅ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅሁም። አሁን የምጽፈውም ሰዎች የደረሰባቸውን ሲጽፉ እያነበብኩ "የእኔስ ከማን ያንሳል?" ብዬ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ስለዚህ ጽሑፌ ቢጎረብጣችሁ ቻሉት። ነገሩ ራሱ ጎርባጣ ነው።

ጊዜው ግንቦት 1975 ዓ.ም. ነበር። ማሳዬ ከንፋስ መውጫ ወደ ወሎ ድንበር በሚወስደው መንገድ ሥር ነው። መንገዱ ከላይ በአፋፉ ያልፋል፣ የእኔ መሬት ከታች ተዘርግቷል። ከወሎ የሚመጣ መኪና ድንበሩን እንደተሻገረ ዳገቱን እያቃሰተ በራሴ ላይ ነው የሚያልፍ።

ያለኝ በሬ አንድ ነበር። ዳልቻ ነው የምለው። ጎረቤቴ ሞላም አንድ በሬ ነበረው፣ ቡሬ የሚባል። ሁለቱን ተቀናጅተን አንድ ቀን የእኔን፣ አንድ ቀን የእሱን እናርሳለን። እንዲህ የሚኖር ሰው በሬው ሲሞትበት ግማሽ ጥማድ አይደለም የሚጎድልበት፤ ሁሉም ነው የሚጎድልበት። መሬቱን ለባለ በሬ ለእኩል ይሰጣል። የገዛ ማሳውን ዳር ቆሞ ያያል። ከዚያ ወዲያ የሰው ፊት ሲያይ ይኖራል። አባቴ እንደዚያ ኖሮ ነው የሞተ። እኔ እንደዚያ ላልሆን ምዬ ነበር።

ያን ቀን ስናርስ አርፍደን እኩለ ቀን ላይ ፈታን። ሞላ ቡሬን ውኃ ሊያጠጣ ወደ ምንጩ ወረደ። ዳልቻ ግን ከውኃ በፊት ጭድ ይወዳል፤ ማሳው ላይ ቀረ። እኔ ካቡ ሥር ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

ከላይ የጭነት መኪና ሲያቃስት ሰማሁና ቀና አልኩ። ከኋላው አንድ ነገር አስሮ ይጎትታል። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ነጭ ነው፤ ሊጥ የሚቦካበት ገበቴ ይመስላል፤ ግን ከቤቴ ይበልጣል፤ ጎማ ባለው ተሳቢ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው ቀይ ጨርቅ ይውለበለባል። "ይኼን ገበቴ የምታቦካበት ሴትዮ ምን ታህል ይሆን?" ብዬ ለራሴ ሳልጨርስ "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ።

መኪናው ወደ ላይ ሄደ። ገበቴው ቀረ። እንደሚያስብ ሰው ጥቂት ቆም አለና ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ከዚያ መንገዱን ለቀቀ። እርከኑን ዘለለ፣ ካቡን አፈረሰ፣ ቁልቁል መጣ። ጮህኩ። ዳልቻ ጭዱን እያላመጠ ቀና ብሎ አየው። ከብት ጅብ ሲያይ ይሸሻል፣ ነብር ሲያይ ይሸሻል። ጀልባ ግን ማን አስተምሮት?

ስደርስ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ወገቡ ተሰብሯል። ከመኪናው ሁለት ሰዎች እየሮጡ ወረዱ፤ አንዱ ሹፌሩ ነው፣ አንዱ ካኪ የለበሰ የጉዞው ኃላፊ። ኃላፊው በእኔም በዳልቻም በኩል አልፎ ሄዶ ጀልባውን በእጁ ዳበሰው። ዞረው። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ አየው። ከዚያም "ተመስገን! አልተጎዳም!" አለ።

እሱ ይህን ሲል እኔ ቢላዋ አውጥቼ "በስመ አብ" እያልኩ ነበር። ሥጋው እንኳ ለሰው እንዲሆን ባርኬ አረድኩት። ጎረቤት ተካፍሎ በላው። እኔ አልቀመስኩትም።

ሹፌሩ ደህና ሰው ነበር። ራሱን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና በቀስታ ነገረኝ፤ "ተሳቢውን ከመኪናው የሚያይዘው ብረት ደሴ ላይ ተሰብሮ በሽቦ ነው ያሰርነው፣ ወንድሜ። ይሠራ ብዬ ለኃላፊው ነግሬው ነበር። 'ባሕር ዳር ደርሶ ይሠራል' አለኝ።" ጀልባው ከአሰብ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚሄድ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ነው። ክረምቱ ሳይገባ ውኃ ላይ ወርዶ በበዓል ይመረቃል ተብሎ አስቸኩለዋቸዋል።

ኃላፊው መጥቶ ቆመብኝ። "በሬህ መንገድ ዳር ምን ይሠራል?" አለኝ።

"መንገድህ ማሳዬ ዳር ምን ይሠራል? ማሳው ነው የቀደመ" አልኩት።

"በሬው ቢጠበቅ ኖሮ ይሸሽ ነበር። ጥፋቱ የበሬው ነው።"

ይኸውላችሁ፣ ያኔ ነው ደሜ የፈላ። በእኛ አገር ከብት የሰው ማሳ ከገባ ባለ ማሳው ይዞ ያስረዋል። የከብቱ ባለቤት መጥቶ ዋስ ይጠራል። ዋስ ማለት ሰው ነው፤ ቤቱን የማውቀው፣ ቤተ ክርስቲያን የማገኘው፣ "እሱ ባይከፍል እኔ አለሁ" ብሎ በሰው ፊት የሚቆም። ያን ጊዜ ከብቱ ይፈታል፣ ሽማግሌ ጉዳቱን ይገምታል። ዋስ ያልተጠራለት ከብት አይፈታም። የሹምም ከብት ቢሆን።

"ይኼ ገበቴህ ማሳዬ ገብቷል። ዋስ ጥራና ውሰደው" አልኩት።

ሳቀ። "የመንግሥት ጀልባ ነው እኮ! ኢንሹራንስ አለው!"

ኢንሹራንስ የሚሉትን ያኔ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ሹፌሩ አስረዳኝ፤ ጉዳት ሲደርስ የሚከፍል ውል ነው፣ እንደ ዋስ ማለት ነው አለ።

"እንግዲያው ዋሱ ይምጣ" አልኩ። "እስኪመጣ ገበቴው አይወጣም።"

እኔ ብለቀውም ባልለቀውም አይወጣም ነበር። ጎማው ጥቁር አፈር ውስጥ እስከ ወገቡ ተቀብሯል። ኃላፊው የገበሬ ማኅበራችንን ሊቀ መንበር አስጠርቶ "ይህ የአብዮቱ ንብረት ነው፤ አንድ ብሎን ቢጎድል አንተን አያድርገኝ!" ብሎት ሄደ። ሊቀ መንበሩ ፈሪ ሰው ነው። ወዲያው የጥበቃ ተራ አወጣ። አባላቱ ሁሉ በየተራ ጀልባውን እንጠብቃለን። እኔም ተራ ገባሁ። እስቲ አስቡት! የበሬዬን ገዳይ እኔው በዱላ ልጠብቀው ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ጥሩነሽ እሳቱ ዳር ኩርምት ብላ አገኘኋት። ስታለቅስ ውላለች። ያም ሆኖ አፏ አላረፈም። "የጣና ሰው ጀልባ ላይ ተወልዶ ጀልባ ላይ ሲያረጅ ምንም አይሆን፤ አንተ ደጋ ላይ ተቀምጠህ ጀልባ ይፈጅህ? የማነው እርግማኑ?" አለችኝ።

ሞላም በማግሥቱ መጣ። መሬት መሬት እያየ "ወንድምዓለም፣ እኔ ቡሬን ብቻውን ምን አደርገዋለሁ? ሌላ የሚቀናጀኝ ሰው ብፈልግ ትቀየመኛለህ?" አለ። አልተቀየምኩትም። እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርግ። "እስከ ሰኔ ሚካኤል ታገሰኝ። ያኔ በሬ ካላቆምኩ ሂድ" አልኩት። ዝናቡ መጣሁ መጣሁ እያለ ነው። ከሚካኤል ወዲያ በሬ ባገኝ ለምን ይሆነኛል?

የመጠበቅ ተራዬ ሲደርስ ጀልባው ሥር ቁጭ አልኩ። ጠዋት ሙሉ አየሁት። ነጭ ነው፤ ንጹሕ ነው፤ ልክ እንደ ጥቁር ሰሌዳ፣ ግን ነጭ። ተሳቢው ላይ አንድ ቆርቆሮ ግራሶ፣ ያ ብረት የሚቀቡት ጥቁር ቅባት፣ ተቀምጧል። ጣቴን ነከርኩ። በመንገዱ በኩል ባለው ጎኑ ላይ፣ ክንድ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ እየዘለልኩ ጻፍኩ።

ይህ ጀልባ በሬ ገድሏል። ዋስ አልጠራም።

ከመሠረተ ትምህርት ወዲህ ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ወደ ኋላ ሄጄ አየሁት። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

ከወልድያ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄደው አውቶቡስ ሲደርስ ቆመ። ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። ያወቀ ያነባል፣ ያላወቀ "ምን ይላል? ምን ይላል?" ይላል። አንዷ ሴትዮ "ኧረ ዋስ ጥራ፣ አንተ ወንበዴ!" ብላ ጀልባውን ሰደበችው። መኪናው ሙሉ ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያልፍ ሁሉ እየቆመ ያነብ ጀመር። ወሬው ከጀልባው ቀድሞ ባሕር ዳር ገባ።

ሊቀ መንበሩ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። "አንተ ሰውዬ፣ ራስህን ነው ወይስ እኔን ልታስበላ?" ብሎ ጮኸ። ይዞኝ ንፋስ መውጫ ሄደ። አንድ ባለ ሥልጣን ፊት አቆሙኝ። ፊቱ አይፈታም። በዚያ ዘመን ገብቶ ያልወጣ ሰው ብዙ ነበር።

"የመንግሥት ንብረት ላይ ጻፍ ያለህ ማነው?" አለኝ።

"መጻፍ ያስተማረኝ መንግሥት ነው" አልኩት። "ሌላ ምን ልጻፍበት ኖሯል? የደረሰብኝን ጻፍኩ።"

ከንፈሩን ነከሰ። ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረና "ፊደል ገድፏል?" አለው።

"አልገደፈም፣ ጓድ።"

"ነገሩስ ውሸት ነው?"

ሊቀ መንበሩ ላብ አጠመቀው። "በሬውስ… ሞቷል፣ ጓድ።"

"ሂድ ደምስሰው" አለኝ፤ ወጣሁ። በር ላይ ስደርስ ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። ለመደምሰሱ ደመሰስኩት፤ በውኃ። ግራሶ በውኃ እንደማይለቅ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ኃላፊው የብረት ገመድ የያዘ ሌላ መኪና አስከትሎ ተመለሰ። አብሮት አንድ መነጽር ያደረገ ወጣት ነበር። የኢንሹራንሱ ሰው ነው አሉኝ። "ዋሱ መጣ!" ብዬ ሮጥኩ። ወጣቱ የወደቀውን ካብ አየ፣ የታሰረበትን ሽቦ አየ፣ ዳልቻ የወደቀበትን ቦታ አሳየኝ አለ። ከዚያ ወደ ኃላፊው ዞረ።

"ከደሴ ወዲህ እንደምታልፉ ለማን አሳወቃችሁ?"

ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ። "ተቻኩለን ነው።"

ወጣቱ ለእኔ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረኝ። ውሉ ከአሰብ እስከ ደሴ ብቻ ነበር፤ ጀልባው እዚያ መጋዘን ብዙ ቆይቷል። ከዚያ ተነሥተው ድንበር ሲሻገሩ ውሉን ማሳደስ፣ ተሳቢውን ማስመርመር፣ አንደኛው ማሰሪያ ቢበጠስ የሚይዝ ሁለተኛ ሰንሰለት ማድረግ ነበረባቸው። አንዱንም አላደረጉ።

"ታዲያ ዋሱስ?" አልኩት።

"ዋሱ ከድንበሩ ማዶ ቀርቷል፣ አባቴ" አለኝ። "ልዋሽህ አልችልም። ከእኛ የምታገኘው የለም። ዕዳው የእነሱ የራሳቸው ነው።" ይህንንም ኃላፊው እየሰማ ነው ያለው። ቦርሳ የያዘ ሰው ሁሉ ይዋሻል ብዬ ነበር የማምን። ያ ልጅ አሳፈረኝ።

የብረት ገመዱን አሰሩና መኪናው ከአፋፉ ላይ ሳበ። ጀልባው ንቅንቅ አላለም። መኪናውን ወደ ማሳው አወረዱትና ሳበ። እሱም አብሮ ሰመጠ። ደግሞ ዝናብ ጣለ። ለመኪናው ራሱ ድንጋይ ስንነሰንስለት ውለን በመከራ ወጣ።

በማግሥቱ ኃላፊው ሊቀ መንበሩን "በሬ አሰባስብ! ገበሬው በበሬ ይጎትታል" አለው። ሊቀ መንበሩ አወጀ። ገበሬው መጣ። በሬውም መጣ፤ ከማሳዬ ድንበር ላይ ግን ቆመ። አንድም ሰው ወደ ውስጥ አልገባም።

"ምን ትጠብቃላችሁ?" አለ ኃላፊው።

አያ ወርቁ ዱላቸውን ተደግፈው ወጡ። በአገሩ ነገር የሚቆርጡ ሽማግሌ ናቸው። "ልጄ፣ በሬ አልከለከልንህም። በሬዎቻችን እነኚህ ናቸው። ነገር ግን የሰው በሬ የወደቀበት ማሳ ላይ ካሣው ሳይቆም በሬ አይጠመድም። አባቶቻችን አላደረጉትም፤ እኛም አናደርገውም።"

"ይኼ የአብዮት ሥራ ነው! እንቢ ያለ ይታሰራል!"

"እንቢ አላልንም" አሉ አያ ወርቁ ረጋ ብለው። "ይኸው ጅራፉ። አንተ ጥመዳቸውና ንዳቸው።"

ሰውዬው እልኸኛ ነው፤ ጅራፉን ተቀበለ። አንዱን በሬ በቀንዱ ያዘና ጎተተ። በሬው እግሩን ተክሎ አየው። ጅራፉን አጮኸው፤ የገዛ ጆሮው ላይ አረፈ። በሬው ዞሮ ጀርባውን ሰጠውና እበቱን ጣለ። ከኋላ አንድ ድምፅ "በሬ ጓድ አያውቅም!" አለ። ማን እንዳለው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሰው ሁሉ በነጠላው አፉን ያዘ።

ኃላፊው ፊቱ ቀልቶ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ። "ሊቀ መንበር! እዘዛቸው!"

ያ ፈሪ ሊቀ መንበራችን ከኃላፊው ጎን ወጥቶ ከገበሬው ጋር ቆመ። ከዚያ "ጓድ፣ እኔም ከበሬው ሥጋ በልቻለሁ" አለ። "በልቼ ደግሞ ይህን ላዝዝ አልችልም።"

ያን ቀን ይቅር አልኩት። ሰው በአንድ ቀን ይድናል።

ኃላፊው ዝናብ ያዘለውን ሰማይ አየ፣ ጀልባውን አየ። በመጨረሻ ወደ እኔ መጣ። "እሺ። ስንት ነው የምትፈልገው?"

"ብር አልፈልግም" አልኩት። "ብሩ በሬ እስኪሆን ክረምቱ ይገባል። የገደልከው በሬ ነው፤ በሬ አቁም። ያውም አንተ ራስህ በእጅህ ስበህ፣ እዚህ ማሳ ላይ ታስረክበኛለህ። ካሣ እንደዚያ ነው።" አያ ወርቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነገሩ ተቆረጠ።

ዓርብ ዕለት ታች ጋይንት ወዳለችው አርብ ገበያ ወረድን። ከብት ተራው ሙሉ ነበር። እኔ እየዞርኩ ሻኛ ስዳብስ፣ ጥርስ ሳይ፣ እያስኬድኩ ሳስተውል፣ ኃላፊው ከኋላዬ ጭቃ እየረገጠ ይከተለኛል። ከስማዳ በኩል የመጣ ሰው የያዘው አንድ ቀይ በሬ ዓይኔን ያዘው። ደረቱ ሰፊ፣ አረማመዱ ያላመነታ። "ይኼ" አልኩ።

ኃላፊው ተከራከረና ተስማማ። ሊከፍል እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ክንዱን ያዝኩት። "ዋስስ?"

"ደግሞ የምን ዋስ?"

"በሬው የተሰረቀ ቢሆንስ? ባለቤቱ ነገ መጥቶ ቢወስደውስ? ያኔ ሌላ በሬ ነው የምታቆምልኝ። ሻጩ ዋስ ይጥራ።"

አሰበ። ከዚያ ያ 'ኢንሹራንስ አለው' ብሎ የሳቀብኝ ሰው ደረቱን ነፍቶ ወደ ሻጩ ዞረና፣ "አንተ፣ ዋስ አለህ? ያለ ዋስ አልገዛም!" አለ።

ፊቴን አዙሬ ሳቄን ጋቢዬ ውስጥ ቀበርኩት።

ሻጩ አንድ ባለ ሱቅ ጠራ። ባለ ሱቁ መጥቶ እጁን አነሣና "የዚህ በሬ ዋስ እኔ ነኝ" አለ፤ ተመልሶ ወደ ሱቁ ሄደ።

"በቃ?" አለ ኃላፊው። "ይኸው ነው?"

"ፊቱን አየኸው፣ ሱቁን አየኸው። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?"

ገመዱን ተቀብሎ መሳብ ጀመረ። መንገዱን ሁሉ በእግር ነው የመጣን። እኔ ከኋላ እነዳለሁ፣ እሱ ከፊት ይስባል። ካኪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ። የአንድ ጫማው ሶል አፉን ከፈተ። ከገበያ የሚመለሰው ሰው "እግዜር ያበርታህ፣ ጓድ! ማረስ ልትጀምር ነው?" ይለዋል። አንዷም ባልቴት "ጀልባው ዋስ ጠራ እንዴ?" አለች፤ ጽሑፉ እዚያ ድረስ ወርዷል። ማደሪያ ገብተን በማግሥቱ ቀትር ላይ ማሳዬ ደረስን። ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር። በአያ ወርቁ ፊት ገመዱን በእጄ ላይ አኖረው። በሬውን ካሣ ብዬ ጠራሁት። ሞላ ከመሐል እንደ ሴት እልል አለ።

"ታዲያ አሁኑኑ ይጎተት!" አለ ኃላፊው።

"ዛሬ ቅዳሜ ነው" አሉ አያ ወርቁ። "ሰንበት ናት።"

"ነገስ?"

"ነገ እሑድ፣ ያውም ሰኔ ሚካኤል።"

ሰውዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ራሱን ያዘ። ጥሩነሽ አዘነችለት መሰለኝ፣ ቤት ጠርታ አበላችው። ስታበላው ግን "ብላ፣ ልጄ። ጀልባ ስታስከትል ዳግመኛ በሽቦ አትሰር" አለችው። አቀርቅሮ ጎረሰ።

ሰኞ ጠዋት አሥራ ሁለት ጥማድ በሬ ተሰለፈ። ከፊት ካሣና ቡሬ ተጠመዱ። የካሣ የመጀመሪያ ሥራው እሱ ሆነ። ጅራፍ ጮኸ፣ ሰው "በል! በል! ና የኔ አንበሳ!" አለ። ገመዱ ተወጠረ፣ ጥቁሩ አፈር "ጡስ" ብሎ ጎማውን ለቀቀ። ገበቴው ተንቀሳቀሰ። ደረቅ አገር ላይ፣ ጋይንት ደጋ ላይ፣ ጀልባ በበሬ ተስቦ ዳገት ወጣ! እንደዚያ ቀን ጮኼ አላውቅም።

የኢንሹራንሱ ልጅ መንገዱ ላይ ይጠብቀን ነበር። ውሉን አድሶ መጥቷል። አዲስ የተሠራውን ብረት ነካክቶ አየና፣ "ሁለተኛ ማሰሪያ ከሌለ አልፈቅድም" አለ። ሰንሰለት አላመጡም። አሁንም! ሰንሰለት ለማምጣት ደብረ ታቦር ድረስ ነው።

እኔ ቤት ሄድኩ። የዳልቻን ቆዳ አልፍቼ ጠፍር አውጥቼው ነበር፤ ሞፈርና ቀንበር የምናስርበትን ወፍራም ምራን። ሁሉንም ይዤ መጣሁ። ደራርቤ፣ ገምጄ፣ ተሳቢውን ከመኪናው ጋር ጠፈርኩት። ልጁ ተንጠልጥሎ ሞከረውና "ይሄ ይይዛል" አለ።

ለእነሱ አዝኜ አይደለም። ከእኔ ወዲህ እስከ ባሕር ዳር ድረስ ዳገቱ ብዙ ነው፤ በየዳገቱ ሥር አንድ በሬ ያለው ሰው አለ። ደግሞ ዳልቻ ገዳዩን ራሱ አስሮ ያድርሰው ብዬ ነው። ኃላፊው የምን ቆዳ እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እጁን ዘረጋልኝ። ጨበጥኩት፤ አጥብቄ አይደለም።

ከዓመታት በኋላ ለሕክምና ባሕር ዳር ሄጄ ጣና ዳር ቆሜ አየሁት። ሰማያዊ ቀብተውታል። ግራሶ ላይ ግን ቀለም አይዝም። በጎኑ ላይ ቀለሙ ተልጦ፣ ክንድ በሚያህል ፊደል፣ "በሬ" የሚለው ይነበባል። አንድ የጀልባ ሠራተኛ "ለምን በሬ እንደተባለ የሚያውቅ የለም" አለኝ። አልነገርኩትም። ያን ቀን ሕመሜንም ረሳሁት።

እኔ በቀላሉ ደስ የሚለኝ ሰው አይደለሁም፤ ጥሩነሽን ጠይቋት። ብዙ ተበድያለሁ፣ ብዙውም በደል እንደወጣ ቀርቷል። ይኼኛው ግን አልቀረም። ካሣ ብዙ ዓመት አረሰልኝ፤ መሬቴን ለማንም ለእኩል ሳልሰጥ አረጀሁ። ዛሬም መኪና ተሳቢ አስከትሎ በአፋፉ ሲያልፍ ቀና ብዬ ማሰሪያውን አያለሁ። ሁለት ከሆነ እቀመጣለሁ።

ካሣዬ ቆሞ፣ ጀልባው ከማሳዬ ወጥቶ፣ ነገሩ ያለቀው ሰኞ ሰኔ 13 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው።